አዲሱ ቺፕ የሚረክሰው ለማን ነው?

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰዉ ሲቀባበለው አየሁና እኔም አነበብኩት። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቺፕ የሚሠራም የሚያሠራም ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ወደ አዲሱ ትውልድ፣ ማለትም ወደ ትንሹ ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ፤ ትውልዶቹ የሚጠሩበት ቁጥር) መሻገር አለበት፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከአሮጌው ይረክሳል፤ የዲዛይን ወጪ አንዴ የሚከፈል ስለሆነ ከቁጥር አይገባም፤ ለሌሎች ድርጅቶች ቺፕ የሚሠራው ግሎባል ፋውንድሪስ በ2018 ከሩጫው የወጣው ፈርቶ ነው፤ መኪና አምራቾች በ2021 ቺፕ ያጡት አሮጌውን ሙጭጭ ብለው ስለያዙ ነው፤ ውዱ የሊቶግራፊ ማሽን (ንድፉን በብርሃን የሚያትመው) ወጪውን ራሱ ይመልሳል፤ አዲሱ ቺፕ መብራት ስለሚቆጥብ ደግሞ ለደሃ አገር ይበልጥ ያዋጣል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።)

እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ መነሣቱ ደስ ይላል። ጸሐፊው ስለ ትራንዚስተር (ቺፑ ላይ ስላሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) አሠራር በጻፉት ክፍል ላይ አንድም የምለው የለኝም፤ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ አድርገው አስረድተዋል። የማልስማማው ሂሳቡ ላይ ነው። በእሳቸው ተራ ልከተላቸው።

መነሻቸው የሙር ሕግ፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፈው ትራንዚስተር በየሁለት ዓመቱ ይታጠፋል የሚባለው ነው። "በየሁለት ዓመቱ ዋጋው ይወርዳል" ለሚለው እሱን ምስክር ጠርተዋል። በኋላ የቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 የጻፈው ግን እንዲህ ያለ ተስፋ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ቺፕ ላይ ጥቂት ትራንዚስተር ብቻ ቢቀመጥ ማሸጊያውና ጉልበቱ ለጥቂቱ ይባክናል፤ ከመጠን በላይ ቢታጨቅ ደግሞ የሚበላሸው ይበዛል። በሁለቱ መሐል እያንዳንዱ ክፍል እጅግ የሚረክስበት ነጥብ አለ። ሙር ያስተዋለው ይህ ነጥብ በየዓመቱ በእጥፍ ወደ ብዛት እንደሚገፋ ነው፤ በ1975 "በየሁለት ዓመቱ" ብሎ አረመው። ርካሹ ነጥብ የት እንዳለ በየጊዜው መፈለግ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጸሐፊው ፍለጋውን ትተው ውጤቱን ብቻ ይዘዋል።

እሳቸው ዋፈሩ (ቺፖቹ የሚታተሙበት ክብ የሲሊኮን ዝርግ) እንደሚወደድ አይክዱም፤ ግን በላዩ የሚያርፈው ትራንዚስተር ስለሚበዛ የአንዱ ዋጋ መውረዱ አይቀርም ይላሉ። እስኪ እንቁጠረው። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ አንድ የጥናት ማዕከል በ2020 ባወጣው ግምት ባለ 300 ሚሊሜትር ዋፈር በ16 ናኖሜትር 4,000 ዶላር ገደማ፣ በ7 ናኖሜትር 9,300፣ በ5 ናኖሜትር 17,000 ገደማ ያወጣል። አሁን ከአይፎን ውስጥ ሦስት ቺፖች እናውጣ። የ2016ቱ ኤ10 በ16 ናኖሜትር ተሠርቶ 125 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 3.3 ቢሊዮን ትራንዚስተር ይዟል። የ2019ኙ ኤ13 በ7 ናኖሜትር 98.5 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 8.5 ቢሊዮን ይዟል። የ2020ው ኤ14 ደግሞ በ5 ናኖሜትር 88 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 11.8 ቢሊዮን ይዟል። ዋፈሩ ሙሉ ስፋቱ 70,685 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ብልሽቱንና የጠርዙን ትርፍራፊ ትተን ብናካፍል አንድ ቢሊዮን ትራንዚስተር በመጀመሪያው 2.14 ዶላር፣ በሁለተኛው 1.52፣ በሦስተኛው 1.79 ዶላር ይወጣል። ከ16 ወደ 7 ሲኬድ ረከሰ፤ ከ7 ወደ 5 ሲኬድ ተወደደ።

በእርግጥ ይህ ግምት የወጣው የ5 ናኖሜትር ፋብሪካ ገና አዲስ፣ የማሽኑም ዋጋ ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ ነው። ፋብሪካው ሲያረጅ ይወርዳል። ታዲያ ያ "ቆይተህ ግባ" የሚል ምክር እንጂ "ዛሬውኑ ተሻገር" የሚል አይደለም። ደግሞ ሁሉም የቺፕ ክፍል እኩል አይጠብም። ኤስራም የሚባለው፣ ከማስሊያው ጎን የሚቀመጠው ፈጣን ሜሞሪ በብዙ ቺፕ ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ለሌሎች ቺፕ የሚሠራው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ የ5 ናኖሜትር አንድ የኤስራም ሕዋስ 0.021 ካሬ ማይክሮሜትር ነው። ብዙ ደንበኛ የሚጠቀምበት የ3 ናኖሜትር ዓይነቱስ? እሱም 0.021። ደንበኛው ለአዲሱ ዋፈር እየጨመረ ይከፍላል፣ ሜሞሪው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ስለ ናኖሜትር ስያሜ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው 3 ናኖሜትር ማለት አንድ የሚለካ ነገር 3 ናኖሜትር ሆኖ ተገኘ ማለት አድርገው ጽፈዋል። አይደለም። በኢንዱስትሪው የጋራ ፍኖተ ካርታ መሠረት "3 ናኖሜትር" በተባለው ቺፕ ላይ ከአንዱ ትራንዚስተር በር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 48 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የጠባቡ ሽቦ ርቀትም 24። ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ የንግድ ስም ሆኗል። ኢንቴል በሐምሌ 2021 የ10 ናኖሜትር የተሻሻለ ምርቱን "ኢንቴል 7" ብሎ ሰየመው። ስም ማውጣት መብቱ ነው፤ በስም ተነሥቶ ዋጋ ማስላት ግን አያስኬድም።

ዋናው ነገር ዲዛይኑ ነው፤ ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉትም እሱን ነው። አይ ቢ ኤስ የተባለው አጥኚ ድርጅት ባወጣው ግምት አንድ አዲስ ቺፕ ለመንደፍ በ28 ናኖሜትር 51 ሚሊዮን ዶላር፣ በ7 ናኖሜትር 298 ሚሊዮን፣ በ5 ናኖሜትር 542 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ይበዛል የሚሉ የሙያው ሰዎች አሉ፤ ሶፍትዌሩን፣ ፍተሻውን፣ ከባዶ የሚጀመረውን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚደምር። ይሁንና ለሁሉም በግማሽ እንቁረጠው። 150 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ የ7 ናኖሜትር ዲዛይን 1 ሚሊዮን ፍሬ ቢሸጥ በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ 150 ዶላር ይጫናል፣ ገና ሲሊኮኑ ሳይገዛ። 100 ሚሊዮን ፍሬ ቢሸጥ 1.50 ዶላር ብቻ ነው። የቴክኖሎጂው ዓይነት አንድ ነው፤ ለአንዱ ኪሳራ፣ ለሌላው ትርፍ ያደረገው የገዢው ቁጥር ነው። አፕል በዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ አይፎን ስለሚሸጥ ነው በየትውልዱ ሰልፉ ፊት የሚቆመው። በ2023 ኤ17 ፕሮን በ3 ናኖሜትር፣ በ19 ቢሊዮን ትራንዚስተር ሲያወጣ ወጪውን የሚካፈሉለት ስልኮች አስቀድመው ይታወቁ ነበር። በዓመት 300,000 ፍሬ የሚሸጥ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ያንኑ መንገድ ቢከተል በየትኛው ደንበኛ ላይ ሊጭነው ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የተቃጠለ የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ አምጥቶልኝ ከፈትኩት። ውስጡ ያበጠ ካፓሲተር፣ አንዱ ጠቁሮ የተሰነጠቀ ሁለት ሞስፌት (ብዙ ኃይል የሚያሳልፍ ትራንዚስተር)፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) አለ። የማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ የባትሪውን ቮልቴጅ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ አንብቦ "ክፈት፣ ዝጋ" ማለት ነው። ይህን ቺፕ በ3 ናኖሜትር እንሥራው ብንል ማስሊያው ክፍል በዓይን የማይታይ ይሆናል፤ ሽቦ የሚበየድበት የጠርዙ መጣበቂያ ግን አይጠብም። የቺፑን ስፋት የሚወስነው ያ ጠርዝ ስለሆነ ውዱ ሲሊኮን መሐሉ ላይ ባዶውን ይቀመጣል። ሞስፌቱ ደግሞ ባሰ። እሱ 20 አምፒር የሚያሳልፍ በር ነው፤ በር የሚጠብ ከሆነ ይቃጠላል። ከሰሌዳው ላይ ወደ አዲሱ ትውልድ ቢሻገር የሚጠቀም አንድም ዕቃ አላገኘሁም። መኪና ውስጥም በብዛት ያለው እንደዚህ ያለ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ወደ መኪኖቹ እንለፍ። ጸሐፊው የጠቀሱት እውነት ነው፤ በመስከረም 2021 የዚያን ጊዜው የኢንቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ ፓት ጌልሲንገር ለመኪና አምራቾች ወደ 16 ናኖሜትር ኑ፣ የፈለጋችሁትን ያህል እሠራላችኋለሁ ብሎ ነበር። ለጥሪው የራሱ ምክንያት እንደነበረው አይዘንጋ፤ የሚሸጥ 16 ናኖሜትር ነበረው። እጥረቱ ግን ከየት መጣ? በ2020 ጸደይ ወረርሽኙ ሲመጣ መኪና አምራቾቹ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። የእነሱ ቦታ ወዲያው በላፕቶፕና በስልክ ቺፕ ተያዘ። ገበያው ሲመለስ ወረፋው መጨረሻ ላይ ተገኙ። በመጋቢት 2021 ደግሞ ጃፓን ሂታቺናካ ከተማ የሚገኘው፣ የመኪና ቺፕ አምራቹ የሬኔሳስ የናካ ፋብሪካ እሳት ተነሣበት። ቺፑ አሮጌ መሆኑ አይደለም የጎዳቸው፤ ትዕዛዝ ሰርዞ እንደገና መሰለፍ ነው። በ5 ናኖሜትርም ቢሆን ትዕዛዙን የሰረዘ ወረፋውን ያጣል።

አንድ ነጥብ ላይ እሰጣቸዋለሁ። በአሮጌው ትውልድ አዲስ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ ትርፉ ቀጭን ነውና። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ይዩ። ቲኤስኤምሲ ከሶኒና ከዴንሶ ጋር ጃፓን ኩማሞቶ ላይ የሠራው ፋብሪካ በየካቲት 2024 ተመረቀ፤ የሚሠራው ከ28 እስከ 12 ናኖሜትር ነው። በነሐሴ 2024 ጀርመን ድሬስደን ላይ ከቦሽ፣ ከኢንፊኒየንና ከኤንኤክስፒ ጋር የመሠረት ድንጋይ የተጣለለትም በዚያው ክልል ነው። ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሲሆን ግማሽ ያህሉ የመንግሥት ድጎማ ነው፤ ዕቅዱ በወር 40,000 ዋፈር ነው። በዓለም እጅግ ዘመናዊውን ቺፕ የሚሠራው ድርጅት ራሱ 28 ናኖሜትር የሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተከለ፣ ገዢው እዚያ ስላለ። የጌልሲንገር 16 ናኖሜትርም እዚያው ክልል ውስጥ ስለገባ ግማሹን ልክ ነበር ማለት ይቻላል።

የአሜሪካው ቺፕ አምራች ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ሸርማን፣ ቴክሳስ ያለው ግቢው ከ45 እስከ 130 ናኖሜትር ነው የሚሠራው፤ በዚህ ጸሐፊ መለኪያ የአያቶቻችን ዘመን ነው። አዲስ ያደረገው የዋፈሩን ስፋት ነው፤ ከ200 ሚሊሜትር ወደ 300። ድርጅቱ እንደሚለው ያልታሸገው ቺፕ በዚህ ብቻ 40 በመቶ ይረክሳል። ትራንዚስተሩ አንድ ናኖሜትር አልጠበበም። "አዲስ ቴክኖሎጂ" ሲባል ማጥበብን ብቻ ማሰብ እንዲህ ያለውን ነገር ያስዘልላል።

ግሎባል ፋውንድሪስን ፈሪ ብለውታል። ነሐሴ 2018 ላይ የ7 ናኖሜትር ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ ማቆሙ እውነት ነው፤ ትልቁ ደንበኛው፣ የኮምፒውተር ቺፕ ነዳፊው ኤኤምዲም 7 ናኖሜትሩን ይዞ ወደ ቲኤስኤምሲ ሄደ። ፍርሃት ከሆነም የሂሳብ ሹም ፍርሃት ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባል። ድርጅቱ አልሞተም፤ በጥቅምት 2021 አክሲዮኑን ናስዳክ ላይ ሸጠ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚጥመው ግን ኤኤምዲ ያደረገው ነው። በ2019 ያወጣው ዜን 2 የተባለው የኮምፒውተር ማስሊያ አንድ ወጥ ቺፕ አልነበረም። ማስሊያው 74 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ባላት ትንሽ ቺፕ በቲኤስኤምሲ 7 ናኖሜትር ተሠራ፤ ከሜሞሪና ከውጭ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ደግሞ ለብቻው በግሎባል ፋውንድሪስ 12 እና 14 ናኖሜትር ተሠርቶ ጎን ለጎን ታሸገ። ትቶት ሄደ የተባለው ደንበኛ ግማሹን ሥራ እዚያው አሠራ! ያ ክፍል ቢጠብም የሚያተርፈው ስለሌለ ለውዱ ዋፈር ምን አስከፈለው?

የዚያች የማስሊያ ቺፕ ትንሽነትም የራሱ ጥቅም አለው። በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 0.1 ብልሽት አለ እንበል። በተለመደው ቀላል ቀመር 74 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነችው 93 በመቶው ደህና ይወጣል፤ 800 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነው ትልቅ ቺፕ ግን 45 በመቶው ብቻ። አዲስ ትውልድ ሲጀመር ብልሽቱ ከዚህም ይበልጣል።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ በዚህ ዓለም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቺፕ ከሚነድፈው ከኤንቪዲያ የበለጠ ለአዲስ ቺፕ መክፈል የሚችል የለም። በ2022 የወጣው ኤች100 80 ቢሊዮን ትራንዚስተር ነበረው፤ በመጋቢት 2024 የተዋወቀው ብላክዌል 208 ቢሊዮን። ጸሐፊው ይህን የ3 ናኖሜትር ድል አድርገው ቆጥረውታል። ብላክዌል የተሠራው ግን ኤች100 በተሠራበት በዚያው በ4 ናኖሜትር ቤተሰብ ነው። እድገቱ የመጣው ሁለት ትልልቅ ቺፖችን አገጣጥሞ እንደ አንድ በማሠራት ነው። 3 ናኖሜትር በስልክ ውስጥ ከገባ ወራት አልፈውት ነበር፤ ገንዘብም አላጠረም። ሂሳቡ አልመጣላቸውም እንጂ።

አንባቢ "ታዲያ ቲኤስኤምሲ ገንዘቡን ከየት ያገኛል?" ቢል መልሱ ከአዲሱ ነው። በ2024 ከዋፈር ካገኘው ገቢ 69 በመቶው ከ7 ናኖሜትርና ከዚያ በታች ነው። ይህን መካድ አልፈልግም። ግን ቀሪው 31 በመቶ የሚመጣው በአብዛኛው ማሽኑ ዋጋውን ከፍሎ ከጨረሰ ፋብሪካ ነው፤ ድርጅቱ የማሽን ዋጋን በ5 ዓመት ነው ከመዝገብ የሚያወጣው። የጭነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አያባክንም። በባንክ ብድር የተገዛ አዲስ መኪና አንድ ቀን ቢቆም ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። የድሮው ፊያት ኤንትሬ ግን ዕዳ ስለሌለበት ያገኘውን ጭኖ ያተርፋል። (ቲኤስኤምሲ የ3 ናኖሜትር ምርቱን "ኤን 3" ብሎ መሰየሙን ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። የኛው ኤንትሬም ኤን 3 ነበር።)

የሊቶግራፊው ማሽን ላይ ጸሐፊው በግማሽ ትክክል ናቸው። ማሽኑ ሲታይ ተአምር ነው፦ ኔዘርላንድስ ያለው ኤኤስኤምኤል የሚሠራው ሲሆን በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ ይለቅቃል፤ እያንዳንዷን ጠብታ ሌዘር ሁለት ጊዜ ይመታታል፤ ከዚያ የሚፈነጥቀው 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በመስታወት እየተንጸባረቀ ዋፈሩ ላይ ያርፋል። የቀድሞው ማሽን ብርሃን 193 ናኖሜትር ስለነበረ አንዱን ንድፍ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማተም ግድ ይል ነበር። ኢንቴል 10 ናኖሜትሩን በዚያ በድግግሞሽ መንገድ ሊሠራ ሞክሮ በ2016 ይወጣል የተባለው በብዛት የወጣው በ2019 ነው። እስከዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ጊዜ ማተም አራት ጊዜ ከማተም ይሻላል።

"ስለዚህ ቀድሞ የገዛ ይቀድማል" የሚለውን ግን አልቀበልም። ቲኤስኤምሲ በ2018 7 ናኖሜትርን ማምረት የጀመረው ያለዚህ ማሽን ነው፤ ያስገባው በ2019፣ ከሥራው ለጥቂት ደረጃዎች ብቻ ነው። አሁን የመጣው ቀጣዩ ዓይነት ዋጋው 350 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። የመጀመሪያው በ2023 መጨረሻ ወደ ኢንቴል ኦሪገን ተላከ። የቲኤስኤምሲው ኬቨን ዣንግ ግን በ2024 ችሎታውን እንደሚወደው፣ ዋጋውን ግን እንደማይወደው በግልጽ ተናገረ። ገበያውን የሚመራው ድርጅት ማሽኑን ለመግዛት ያልቸኮለ ነው።

ሁዋዌ በነሐሴ 2023 ስላወጣው ስልክ ያነሡት አጭር መልስ ይበቃዋል። የቻይናው ኤስኤምአይሲ 7 ናኖሜትርን ያለዚያ ማሽን መሥራቱ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። እንደሚያዋጣ ግን አያሳይም፤ ማዕቀብ ያለበት አገር የሚከፍለው ዋጋ የገበያ ዋጋ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥባቸው መብራት ነው፤ እዚህ ላይ አገራችንን ስለጠቀሱ ጠጋ ብለን እንየው። በጥቅሉ ልክ ናቸው። ያው የጆርጅታውን ጥናት ራሱ ቀን ከሌት ለሚሠራ ዳታ ሴንተር አሮጌ ቺፕ በመብራት ብቻ ከአዲሱ ይበልጥ እንደሚወደድ ያሳያል። "ለደሃ አገር ይበልጥ ያዋጣል" የሚለው ግን የተገለበጠ ነው። ቁም ነገሩ የአገሩ ሀብት ሳይሆን የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ነው።

ቢትኮይን የሚፈለፍሉትን ማሽኖች እንውሰድ፤ እነሱ ከስሌት በቀር ሌላ ሥራ ስለሌላቸው ለንጽጽር ይመቻሉ። በ2020 የወጣው አንትማይነር ኤስ19 በ7 ናኖሜትር ቺፕ 95 ቴራሃሽ (የስሌት ፍጥነታቸው መለኪያ ነው) ለመሥራት 3,250 ዋት ይበላል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኤስ19 ኤክስፒ በ5 ናኖሜትር 140 ቴራሃሽ በ3,010 ዋት ይሠራል። ለእኩል ሥራ፣ ለ100 ቴራሃሽ እናስላው፦ አሮጌው በቀን 82 ኪሎዋት ሰዓት፣ አዲሱ 52 ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 የአሜሪካ ሳንቲም በሆነበት ቦታ አዲሱ በዓመት 890 ዶላር ያድናል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ፈልፋይ ድርጅቶችን በ2024 ያስከፍል እንደነበር በተዘገበው 3 ሳንቲም ገደማ ግን የሚያድነው 334 ዶላር ብቻ ነው። አዲሱን ለመግዛት የወጣው ገንዘብ እዚያ በአንድ ዓመት የሚመለስ ከሆነ እዚህ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ደግሞ ሌላ አዲስ ይወጣል።

ነጋዴዎቹ ይህን ሂሳብ ከእኔም ከጸሐፊውም ቀድመው ሠርተውታል። በ2024 መጀመሪያ ከ20 በላይ ድርጅቶች ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል እንደነበራቸው፣ አብዛኞቹም የቻይና እንደሆኑ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለፈልፋዮቹ በየዙሩ የሚከፈለው ቢትኮይን ከ6.25 ወደ 3.125 ሲወርድ አሜሪካ ውስጥ የማያዋጡት ኤስ19 ማሽኖች ተጠጋግነው የት ሄዱ ቢሉ፣ ከተላኩባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።